ከአዳማ ተነስቶ የኢስፖርት ዲግሪ መማር፦ ከየት ይጀመራል?

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ኢስፖርት የሚባለው በቪዲዮ ጌም የሚደረግ ውድድር ነው። የኢስፖርት ዲግሪ ጌም መጫወት አያስተምርም። ፖስታ ቤት አካባቢ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚችላችሁ ሰው ባይኖርም፣ ዩኒቨርሲቲው ስንት ጎል እንደምታገቡ አይጠይቃችሁም። የምትማሩት ውድድር ማዘጋጀት፣ በቀጥታ ማስተላለፍ፣ ቡድን ማስተዳደር፣ ስፖንሰር ማምጣትና ውል መዋዋል ነው። ይሄን ሰምታችሁ ቅር ካላችሁ ገና ብር ሳታወጡ አወቃችሁት፣ ጥሩ ነው። ደስ ካላችሁ ደግሞ አብረን እንቀጥል።

ትምህርቱ ራሱ ገና ጀማሪ ነው። እንግሊዝ አገር ስታፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ በኢስፖርት የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ2018 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቺቸስተር ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። ቻይና ከዚያ ቀደም ብላ በ2016 ኢስፖርትን በሙያ ኮሌጆቿ የትምህርት ዘርፎች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። አሜሪካ ላይ ግን ብዙ ልጅ የሚደናገርበት ነገር አለ። ቺካጎ የነበረው ሮበርት ሞሪስ ዩኒቨርሲቲ ኢሊኖይ በ2014 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ለሚባለው ጌም ተጫዋቾች ስኮላርሺፕ ሰጥቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉት። ያ የተጫዋች ስኮላርሺፕ ነው። ልጁ አካውንቲንግም ይማር ነርሲንግ፣ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ይጫወታል፣ ከክፍያው ላይ ይቀነስለታል። የኢስፖርት ዲግሪ ሌላ ነገር ነው። ስታመለክቱ የቱን እንደምትፈልጉ ለራሳችሁ ቁርጥ አድርጉ፤ ሁለቱ የሚጠይቁት ነገር አይገናኝም።

ለምን ዲግሪ ያስፈልገዋል ለሚላችሁ ሰው አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሁላችንም ፊፋ እያልን ያደግንበት ጌም ስሙ የተቀየረው ሠሪው ኩባንያ ኢኤ እና ፊፋ በ2022 በውል ስላልተስማሙ ነው። ጌሙ በ2023 ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሎ ወጣ፤ ፊፋ ደግሞ የ2024ቱን የኢስፖርት ዓለም ዋንጫውን ኮናሚ የሚባለው ሌላ ኩባንያ በሚሠራው ኢፉትቦል ጌም አካሄደ። እግር ኳስ ባለቤት የለውም፣ ሜዳ ያገኘ ሁሉ ይጫወተዋል። ጌም ግን ባለቤት አለው። ውድድር ስታዘጋጁ፣ ስታስተላልፉ፣ ስፖንሰር ስታስገቡ የባለቤቱን የፈቃድ ደንብ ማንበብ ግድ ነው። ይሄን የሚያውቅ ሰው ነው ሥራ የሚያገኘው።

አሁን ወደ አዳማ። እኔ የምመክረው ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት እዚሁ አንድ ትንሽ ውድድር እንድታዘጋጁ ነው። ሥራውን እንደምትወዱት የምታረጋግጡበት ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። ለማመልከቻውም ይጠቅማችኋል፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የሰፈራችሁን ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት አነጋግሩ። ቤቱ ጭር የሚልበትን ቀን ጠይቁትና ያን ቀን በጅምላ ዋጋ ተደራደሩ። ከዚያ ሒሳቡን ሥሩ። 16 ተጫዋች በጥሎ ማለፍ 15 ጨዋታ ነው። አንዱ ጨዋታ ከነዝግጅቱ፣ ከነቡድን ምርጫው 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል በሉ። በአንድ ቲቪ 5 ሰዓት ሆነ። በሁለት ቲቪ ከ3 ሰዓት በታች ትጨርሳላችሁ። አንዴ የተሸነፈ ሁለተኛ ዕድል ያግኝ ካላችሁ ግን ጨዋታው ወደ 30 ይጠጋል፤ በአንድ ቲቪ 10 ሰዓት ማለት ነው፣ ማንም አይጠብቃችሁም። ጀማሪ አዘጋጅ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ሒሳብ ላይ ነው። ዕጣውንና ድልድሉን በቻሎንጅ ወይም በስታርት ጂጂ ድረ ገጽ በነፃ መሥራት ይቻላል፤ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ሁሉም ተራውን ይየው።

ደንቡን ቀድማችሁ ጻፉ። የጨዋታው አንዱ አጋማሽ ስንት ደቂቃ ነው? የራስን ጆይስቲክ ይዞ መምጣት ይቻላል? ያረፈደ ስንት ደቂቃ ይጠበቃል? መብራት ቢሄድስ? ይሄ የመጨረሻው እኛ አገር ከሁሉም በላይ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ ከእረፍት በፊት ከጠፋ ከዜሮ ይጀመራል፣ ከእረፍት በኋላ ከጠፋ ውጤቱ ተይዞ የቀረው ደቂቃ ብቻ ይጫወታል። ዳኛው መብራት እንደጠፋ ውጤቱንና ደቂቃውን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ይፈርማሉ። ሳይጻፍ የቀረ ደንብ ጠብ ነው። እና በምንም መልኩ ውርርድ አታስገቡ። የመመዝገቢያ ብር ሰብስቦ ሽልማት መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ተመልካቹ በተጫዋች ላይ ብር ማስያዝ ከጀመረ ግን ውድድሩ የእናንተ መሆኑ ያከትማል።

ስርጭቱን ሞክሩት። ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። በፕሌይስቴሽን 4 ምስሉን ወደ ላፕቶፕ በካፕቸር ካርድ (ምስሉን ከማሽኑ ወደ ላፕቶፕ በሚያስገባው ዕቃ) ስትወስዱ ጥቁር ስክሪን ብቻ ካያችሁ አትደንግጡ። የፕሌይስቴሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም ግቡና ኤችዲሲፒ የሚለውን (ምስሉ እንዳይቀዳ የሚከለክለውን) አጥፉት፣ ምስሉ ይመጣል። ካርድ ከሌላችሁ ራሱ ማሽኑ በሼር ቁልፉ በቀጥታ ዩቲዩብ ላይ ያስተላልፋል። ኢንተርኔቱን ስትለኩ ዳውንሎዱን ተዉት፣ አፕሎዱን እዩ። ለ720 ፒ የምስል ጥራት ቢያንስ 3 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ1080 ፒ ደግሞ ወደ 6 የሚጠጋ ያስፈልጋል፣ ያውም ሳይቆራረጥ። በዚያው ላይ ላፕቶፑ ላይ ቅጂ ይያዝ፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቪዲዮው በእጃችሁ ይቀራል።

ደግሞ አዳማ ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ናት፣ እኛው ልብ አንለውም እንጂ። የስብሰባ ከተማ ናት። ሆቴሎቹ አዳራሽ ውስጥ ወርክሾፕ የማይኖርበት ሳምንት የለም፣ የገልማ አባ ገዳ አዳራሽም አለ። እነዚህ አዳራሾች ውስጥ ድምፅ የሚዘረጉ፣ ካሜራ የሚይዙ፣ መድረክ የሚያዘጋጁ ልጆች ዲግሪው ውስጥ ኢቨንት ፕሮዳክሽን ተብሎ የሚሰጠውን ሥራ በተግባር እየሠሩት ነው። ክረምት ላይ ገመድ እየተሸከማችሁም ቢሆን አብራችሁ ሥሩ።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው እዚሁ መማር ነው፣ እኔ ለአብዛኛው ልጅ የምመርጠውም ይሄን ነው። በኢስፖርት ስም የሚሰጥ ዲግሪ አገራችን ስለሌለ፣ ከኢስፖርቱ ሥራ የቱን ክፍል እንደምትፈልጉ ለዩና ለዚያ የሚሆነውን ዲግሪ ያዙ። ቴክኒኩ ከሆነ የሚስባችሁ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግም ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግም አለው። የሚቀበለው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነው፣ ከ12ኛ ክፍል ፈተና ሌላ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ተዘጋጁበት። ሶሻል የሆናችሁ ማርኬቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም ጋዜጠኝነት ግቡ። የቀረውን በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ውድድር እያዘጋጃችሁ ትሞሉታላችሁ።

ሁለተኛው ውጭ መሄድ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን በግልጽ ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ደላላ አያስቀምጥላችሁም። እንግሊዝ ለውጭ ተማሪ የዓመት ክፍያው ከ15 ሺህ ፓውንድ ሲያንስ እምብዛም አይገኝም። ለቪዛ ደግሞ ያልተከፈለውን የመጀመሪያ ዓመት ክፍያና ከለንደን ውጪ ከሆነ በወር ከ1,100 ፓውንድ በላይ የሆነ የ9 ወር መኖሪያ ገንዘብ ማሳየት አለባችሁ። ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይነካ ሒሳብ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በዋዜማው ከዘመድ ተሰብስቦ የገባ ብር አይሆንም። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናም አለ፣ ብዙውን ጊዜ አይኤልትስ 6 አካባቢ ይጠይቃሉ። በእኛ 12ኛ ክፍል ውጤት በቀጥታ አንደኛ ዓመት ላይ የማይቀበሉም ብዙ ናቸው፤ መጀመሪያ ፋውንዴሽን የሚባል የመሰናዶ ዓመት ተማሩ ይላሉ፣ እሱም ራሱን የቻለ ክፍያ አለው። ይሄን ከማመልከታችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ማመልከቻው የሚገባው በዩካስ፣ ማለትም በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ማመልከቻ ድረ ገጽ ነው። ከ2026 ገቢዎች ጀምሮ ስለራስ የሚጻፈው የግል መግለጫ ሦስት ጥያቄ ሆኗል፦ ለምን ይሄን ትምህርት መረጥክ፣ የተማርከው ትምህርት እንዴት አዘጋጀህ፣ ከትምህርት ውጪ ለዝግጅትህ ምን ሠራህ። ያ የ16 ሰው ውድድር እዚህ ጋ ነው የሚገባው። "ጌም እወዳለሁ" ብሎ የሚጽፈው ልጅ ብዙ ነው። "በሁለት ቲቪ 15 ጨዋታ አካሄድኩ፣ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ በዚህ ደንብ ፈታሁት፣ የስርጭቱ ቪዲዮ ይኸው" ብሎ የሚጽፍ ልጅ ግን ከመሃላቸው ይለያል።

ስትሪም እያደረግኩ (ጌም ስጫወት በቀጥታ እያስተላለፍኩ) ክፍያዬን እሸፍናለሁ የሚል ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ስሙ። የእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ ለዲግሪ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ተቀጥሮ መሥራት ይፈቅዳል፤ የራስን ሥራ መሥራት ግን ይከለክላል። በፕሮፌሽናል ስፖርተኛነት መሥራትም እንዲሁ ክልክል ነው። ከስትሪም ወይም ከውድድር ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አማክሩ። በዚህ ምክንያት ቪዛችሁ ቢሰረዝ ያሳዝናል።

ቤተሰብ ጋ ስትቀርቡ "አባዬ፣ ጌም ልማር ነው" ብላችሁ አትጀምሩ። የኮርሶቹን ዝርዝር አትማችሁ ውሰዱ። ማርኬቲንግ፣ የኢቨንት ማኔጅመንት፣ ብሮድካስት፣ ሕግ የሚለውን በጣታቸው እየጠቆሙ ያንብቡት። ያዘጋጃችሁት ውድድር ካለ ቪዲዮውን አሳዩዋቸው፣ ስንት ገባ ስንት ወጣ የሚለውን ሒሳብ ጭምር። አባትና እናት ጌሙን ላይረዱት ይችላሉ፣ ሒሳብ የያዘ ልጅ ግን ይገባቸዋል። ከሚጠይቋችሁ ውስጥ መልሱን የማታውቁት ካለ ደግሞ በግልጽ ንገሯቸው፤ ለክፍያው መሬት ወይም ቁጠባ የሚነኩት እነሱ ናቸው።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ውጭ ተምሮ የሚመለስ ሰው ዲግሪውን ይዞ ለመንግሥት ሥራ ወይም ለማስተርስ ሲቀርብ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይጠየቃል። ስለዚህ ገና ከመክፈላችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውንና የዲግሪውን ስም ይዛችሁ ባለሥልጣኑ ጋ ሂዱና ምን ምን ሰነድ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። የመግቢያ ደብዳቤውን፣ የየዓመቱን ትራንስክሪፕትና የፓስፖርት ማህተማችሁን ኮፒ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ፋይል አስቀምጡ።