ልጅሽ ማሞቂያ ውስጥ ነው? ወተትሽን እንዲህ አድርሺለት

ልጅሽ ያለ ቀኑ ተወልዶ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ጨቅላ ክፍል ከገባ፣ መጥባት ባይችልም ወተትሽ ያስፈልገዋል። በወለድሽ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእጅሽ ማለብ ጀምሪ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ አውራ ጣትሽንና አመልካች ጣትሽን ከጡትሽ ጥቁር ክብ ዳር አስቀምጪ፣ ወደ ደረትሽ ገፋ አድርጊ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጫፉን መጎተት ትርፉ ሕመም ነው። መጀመሪያ የምታይው ወፍራም ቢጫ ጠብታ እንገር ነው፤ የሻይ ማንኪያ ባይሞላም እንዳትደፊው! በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ እለቢ፣ ሌሊትም ጭምር (አዎ፣ ያደክማል)።

ቤት ሆነሽ የምታልቢ ከሆነ ክዳን ያለው ንጹሕ ዕቃ ላይ ሰዓቱን ጻፊ። የባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት አይምርምና በረዶ ባለበት ዕቃ ይዘሽ፣ ባጃጅ ተሳፍረሽ ቶሎ አድርሺ።

ቢተርፍሽስ? አጠገብሽ ላለችው እናት «እንቺ» ማለት ደግነት ነው፣ ግን ሐኪሙን ሳታማክሪ አይሆንም፤ ኤችአይቪ በጡት ወተት ይተላለፋል። የወተት ባንክ (እናቶች የለገሱት ወተት የሚከማችበት) ባለበት አገር የሰጪዋ ደም ይመረመራል፣ ወተቱም በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል።