የተናካሽ ውሻ ነገር፦ አሰልጣኝ ከመጥራታችሁ በፊት አንገቱንና ችካሉን እዩ

ባሕር ዳር ውስጥ ውሻ ሲያስቸግር የሚኬድበት መንገድ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ዱላ፣ ቀጥሎ አሰልጣኝ፣ ሰው ከተነከሰ በኋላ ደግሞ ሐኪም ይፈለጋል። መሆን ያለበት ሐኪም፣ ከዚያ አያያዝ፣ ከዚያ አሰልጣኝ ነው። የሚያመውን ውሻ ማንም አያሰለጥነውም፤ አያያዙ የተበላሸው ደግሞ ሠልጥኖ ቢመጣም ብዙ ሳይቆይ ወደነበረበት ይመለሳል። ውሃ፣ ምግብ፣ ጥላና ዓመታዊ ክትባት ተሟልተዋል ብለን እንነሳ።

ትናንት ደህና የነበረ፣ ዛሬ ሲነኩት የሚናከስ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ነው። ጆሮው ውስጥ የገባ መዥገር፣ የተሰበረ ጥርስ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር፣ ሐይቁ ዳር ላሉት ደግሞ ድድ ላይ የተሰካ የዓሣ አጥንት ይገኛል። ሐኪሙ ሲመጣ መርፌ ወግቶ ብቻ እንዳይሄድ። ሁለቱንም ጆሮ እስከ ውስጥ፣ አፉን፣ የጣቶቹን መሃል፣ ከማሰሪያው ሥር ያለውን አንገት፣ ጀርባና ዳሌውን እንዲያይላችሁ፣ ሙቀቱንም እንዲለካ ጠይቁ (የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ አካባቢ ነው)። ለሰው የተገዛ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡት። ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል።

ድምፁ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ ወይም እንጨትና ድንጋይ መንከስ ከጀመረ የውሻ እብደት በሽታ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ አሰልጣኝ የሚጠራበት ጉዳይ አይደለም። አጥንት ተሰክቶበት ነው እያሉ እጃቸውን አፉ ውስጥ የሚከቱ አሉ። አታድርጉት! ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሎሚም በርበሬም አትጨምሩበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። የሚጸበል ይጸበል፣ ግን ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን። ውሻው ጤነኛ ከመሰለ ሳትገድሉት ለብቻው ዘግታችሁ 10 ቀን ተከታተሉት፤ የተነከሰው ሰው ግን ያን 10 ቀን እየጠበቀ ክትባቱን አያዘግይ። መገደሉ የግድ ከሆነ ጭንቅላቱ አይመታ። ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነው።

ሲፈታ ጨዋ፣ ሲታሰር አውሬ

ከአስቸጋሪ ውሾች አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሰንሰለቱ እስኪያንቀው ይወነጨፋል፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይጮኻል፣ ውሎ አድሮ ምግብ የምታቀርብለትን ሠራተኛ እጅ መልከፍ ይጀምራል። ባለቤቱ «ክፉ ዘር ነው» ይላል። ዘሩ ምንም አላደረገ።

የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ አይችልም፤ የቀረው መንከስ ብቻ ነው። መንገደኛው በራሱ ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ እሱ ጮኾ ያባረረው ይመስለዋል። ስለዚህ በር አጠገብ የታሰረ ውሻ ቀኑን ሙሉ ልምምድ ላይ ነው። ሰንሰለቱ በደረሰበት ልክ ሣሩ ጠፍቶ መሬቱ ላይ ክብ ተቀርጾ ታያላችሁ፤ ልጆች ከዚያ ክብ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ።

መጀመሪያ አንገቱን። አንድ ባለቤት ውሻው የሚናከሰው ማታ ሊፈቱት ሲሉ ብቻ እንደሆነ ተናግሮ አመጣው። የአንገቱ ፀጉር ገለጥ ሲደረግ በቡችላነቱ የታሰረለት ገመድ ሥጋው ውስጥ ሰምጦ፣ ቆዳ በላዩ አብቅሎ ተገኘ። ሊፈታው እጁን የሚሰድ ሁሉ የሚነካው ቁስሉን ነበር። ገመዱን ሐኪም በማደንዘዣ ያወጣል፤ በጉጠት ስባችሁ እንዳትሞክሩት። ቡችላ ሲያድግ ማሰሪያው አብሮ አያድግም፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ሁለት ጣት የሚያስገባ መሆኑን እዩ። ለፌሮ ማሰሪያ የሚሆነውን ጥቁር ሽቦ ውሻ አንገት ላይ የሚያስር ሰው ደግሞ ውሻ ባያረባ ይሻላል።

ቀጥሎ ችካሉን። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ውሻ ተከፍሎለት ሠልጥኖ፣ ተቀመጥ ሲሉት የሚቀመጥ፣ ተኛ ሲሉት የሚተኛ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ እዚያው በር ሥር፣ እዚያው ችካል ላይ ታሰረ። ወር ሳይሞላው ቆጣሪ አንባቢ ነከሰ። ገንዘቡ አጥር ላይ ቢውል ይሻል ነበር።

ከሁሉ የሚሻለው ከበሩ ራቅ ያለ፣ መንገዱ እንዳይታየው በቆርቆሮ የተጋረደ አጥር ሠርቶ መፍታት ነው። አቅም ካነሰ ሁለት ምሰሶ ተክላችሁ በ2 ሜትር ከፍታ ላይ 10 ሜትር ያህል ወፍራም ሽቦ ገመድ ወጥሩ፣ ቀለበት አስገቡበት፣ ማሰሪያውን ከቀለበቱ አንጠልጥሉ። ከሁለቱም ምሰሶ 1.5 ሜትር ላይ ቀለበቱን የሚያቆም ቋጠሮ ይኑር፤ ያለዚያ ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ይታነቃል። ማሰሪያው ተዝናንቶ የሚያስተኛው ይሁን፣ ግን አጥር ላይ መውጣት እስኪችል አይርዘም፤ ዘሎ ማዶ ተንጠልጥሎ የሞተ ውሻ አለ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ስስ መንጠቆ ሞላው ቶሎ ይላላል፣ ውሻው ሲወነጨፍ ይከፈታል። ወፍራሙን፣ በራሱ የሚሽከረከረውን ግዙ።

ከዚህ በኋላ ነው ልምምዱ። የተቀቀለ የበሬ ሳንባ በሽምብራ ፍሬ ልክ ክተፉ። አንድ ሰው ከሩቅ ይቁም፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ሳያፈጥበት። ውሻው ሰውየውን አይቶ ሥጋውን ከበላ ርቀቱ ልክ ነው፤ ሥጋውን እምቢ ካለ ቀርባችኋል። ሰው ሲታይ ሥጋ ይመጣል፣ ሰው ሲሄድ ሥጋ ይቆማል፤ ይህ ቅደም ተከተል አይገልበጥ። አምስት ጊዜ ሳይጮኽ ካለፈ አንድ ሜትር ቅረቡ፣ ከጮኸ ሦስት ሜትር ተመለሱ። ከአምስት ደቂቃ አታስበልጡ፣ በቀን ሁለቴ ይበቃል። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው በመጀመሪያው ሳምንት ውሻው ዝም ሲል ጎረቤት ጠርቶ «ዳብሱት» እያለ ነው።

አሰልጣኝ ሲመረጥ

ሐኪም አይቶት፣ አያያዙ ተስተካክሎ አሁንም ከተናከሰ ባለሙያ ያስፈልጋል። ራሱን አሰልጣኝ የሚለው ሁሉ ባሕርይ ያውቃል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት ትእዛዝ ማስተማር ነው። ፈርቶ የሚናከስን ውሻ ተቀመጥ ማለት ፍርሃቱን አይነቅለውም። አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ውሻው እምቢ ቢል ምን ታደርጋለህ?» መልሱ አንጠለጥለዋለሁ፣ አስርበዋለሁ፣ እመታዋለሁ ከሆነ አመስግናችሁ ሸኙት። በዱላ ማጉረምረም ያቆመ ውሻ ማስጠንቀቂያውን ነው የተወው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያጉረመርም ይነክሳል። «ሁለት ሳምንት ወስጄ አስተካክዬ አመጣዋለሁ» የሚለውንም አትመኑት፤ ችግሩ ያለው እናንተ ግቢ ውስጥ ነው።

ለባለሙያው የምትሰጡት መረጃ «ክፉ ሆኗል» አይሁን። በየትኛው ሰዓት፣ ማንን፣ በስንት ሜትር፣ ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር፣ ጥርሱ ቆዳ ነካ ወይስ በሳ፣ ስንት ቀዳዳ፣ ነክሶ ለቀቀ ወይስ አራገፈ የሚለውን ጻፉ። ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ጨምሩ፤ ለቪዲዮ ብላችሁ ግን ውሻውን አታስቆጡት። የክትባት ካርዱ ይቅረብ። እዚህ መልስ ከታጣ በጎንደር መንገድ ዘንዘልማ ባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እና ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንስሳት ሕክምና መምህራን አሉ፤ ጽሑፉና ቪዲዮው ተሟልተው ከሄዱ ምክር መጠየቅ ይቀላል።

ሌሎች

ሲበላ የሚናከስ፦ ሳህኑን አትንጠቁት፤ እየራቃችሁ የተሻለ ቁራጭ ጣሉለት፣ ልጅ አይቅረበው።

የወለደች ውሻ፦ ተዉአት። ቡችሎቹ ሲያድጉ ይቀራል።

ተኩስና ርችት የሚፈራ፦ ጨለም ያለ ክፍል፣ ሬዲዮ ክፈቱ፣ አትቆጡት። አፍዝዞ የሚያስተኛው መድኃኒት ሁሉ ፍርሃቱን አያጠፋም፣ አንዳንዱ መንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚከለክለው፤ ሐኪሙን ይህንኑ ጠይቁ።

ጣና ዳር ሌሊቱን የሚጮኽ፦ ጉማሬ ለግጦሽ ወጥቶ ይሆናል። ሥራውን ነው የሚሠራው።

ማኮላሸት፦ መንከራተትንና ከወንድ ውሻ ጋር መጣላትን ይቀንሳል፤ ፈርቶ የሚናከሰውን አያድነውም።

ለሌላ ሰው ልትሰጡት ካሰባችሁ ማንን፣ መቼ፣ እንዴት እንደነከሰ ሳትደብቁ ንገሩት። ደብቆ የሚሰጥ ሰው ንክሻውን ነው አብሮ የሚልከው።