በመኖ ከረጢት ላይ «ፑሌት» የሚለውን ቃል ስታነቡ

ድሬዳዋ ውስጥ ዶሮ የምታረቡ ወገኖች፣ በመኖ ከረጢት ላይ «ፑሌት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ብታገኙ በደፈናው «ዶሮ» ብላችሁ አትለፉት፤ እኛ «ቄብ» የምንላት፣ ዓመት ያልሞላትና እንቁላል መጣል ያልጀመረች ወይም ገና የጀመረች ሴት ዶሮ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ከባቡሩ ጋር ወደ ከተማችን በገባው በዚያ ቋንቋ ግን «ፑሌ» የሚበላውን ዶሮ ሁሉ ስለሚያጠቃልል፣ ጥቂት ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ሊሳሳት ይችላል።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። የቄብ መኖ 1 በመቶ ገደማ ካልሲየም ሲኖረው፣ «ሌየር» የተባለው የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ግን ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይይዛል። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ለጣዮች ሰጥቼ፣ ቅርፊቱ በጣት ሲነካ የሚሰረጉድ እንቁላል ለቅሜአለሁ። በተቃራኒው የጣይ መኖ መጣል ላልጀመረች ቄብ ቢሰጥ፣ የበዛው ካልሲየም ኩላሊቷን ይጎዳል።

ከቀፊራ ገበያ ስትገዙ ደግሞ ኩክኒዋን ተመልከቱ፤ ትንሽና ገርጣ ያለ ከሆነ ገና ቄብ ናት፣ ሰፋ ብሎ ደማቅ ቀይ ከሆነ ግን መጣያዋ ደርሷል።