ፒካፑ ቤንዚን ሲያንሰው የምንሠራቸው ስህተቶች

ነዳጅ ስትረግጡት ለአፍታ ይሰንፋል፤ አንዳንዴም ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡሬተሩ አፍ «ጧ» ብሎ ይተፋል። ሜዳ ላይ እግራችሁን ሳታንቀሳቅሱ እሱ በራሱ ጊዜ ፈጠን ዘግየት፣ ፈጠን ዘግየት ይላል። ቾክ ሳብ ሲደረግለት ግን ይሻለዋል። ትልቁ ፍንጭ ይሄ ነው። ቾክ የአየሩን መንገድ ያጠባል። አየር ሲቀነስለት የሚሻለው ሞተር፣ ቀድሞውኑ አየር በዝቶበት ቤንዚን አንሶት ነበር ማለት ነው።

ሞተሩ ቤንዚኑን አሟልቶ ለማቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። የካርቡሬተር ሥራ ይህን ሚዛን መጠበቅ ነው። ሚዛኑ ሲዛባ ደግሞ አብዛኞቻችን የምንሳሳተው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ካቻቢቴ ይዞ ወደ ካርቡሬተሩ መሮጥ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ሠርቼዋለሁ። የመኪናዬ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አልረጋ ብሎ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ብሎን ሳጠብቅና ሳላላ ዋልኩ። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ ገጠምኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ የፍሬን ሰርቮውን (ፍሬን ሲረገጥ የሚያግዘውን) ወፍራም ጎማ፣ ድብልቁን ወደ ሞተሩ በሚያደርሰው ማኒፎልድ ላይ በሚሰካበት በኩል በጣቴ ጎንበስ ሳደርገው፣ ከሥሩ እንደ አፍ ተከፈተ። ስለቀው መልሶ ገጠመ። ዝም ብሎ ለሚያየው ጤነኛ ጎማ ነበር።

ካርቡሬተር የሚለካው በራሱ ጉሮሮ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው። ከእሱ በታች በስንጥቅ የሚሾልከውን አየር አያውቀውም፤ ስለዚህ ቤንዚን አይመድብለትም። እንዲህ ያለ አየር የሚገባባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን፣ የደረቁ ቀጫጭን ጎማዎች፣ የሰርቮው ጎማ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢውተሩ ዲያፍራም (ስስ ሽፋን)። በጣም ባረጀ ካርቡሬተር ደግሞ ነዳጅ ሲረገጥ የሚዞረው ዘንግ ራሱ ቀዳዳውን በልቶት ይላላና በጎኑ አየር ያስገባል። ዘንጉን ያዝ አድርጋችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ከተንቀጫቀጨ እዚያ ጋ ጥርጣሬ ይኑራችሁ።

ፍለጋው ከባድ አይደለም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉ። አንዱን ስትይዙ ድምፁ ከተለወጠ፣ ከዚያ ጎማ ወዲያ ያለውን ፈትሹ። በጓርኒሲዮኖቹ ዙሪያ ደግሞ በመርጫ ትንሽ ውሃ እፍ አድርጉ፤ የኤሌክትሪክ ገመዶችንና ዲስትሪቢውተሩን ግን አታርጥቡ። ውሃው ስንጥቁን ለቅጽበት ሲደፍነው ሞተሩ ይለወጣል። የቫኪዩም (የሞተሩን የመሳብ ኃይል) መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ የበለጠ ይቀለዋል። ጤነኛ ሞተር ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ ቦታ፣ በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 የሜርኩሪ ኢንች ላይ ረግቶ ያሳያል። ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር ንባቡ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል፤ ደጋ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር አይታችሁ አትደንግጡ።

የሚቀጣጠል ነገር በጋለ ሞተር ላይ መርጨት

ብዙ ሰው ይህንኑ ፍተሻ በካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ ያደርገዋል። ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን የጋለ ጭስ ማውጫ እና ብልጭታ የሚያወጣ ያረጀ የካንዴላ ገመድ አጠገቡ አለ። እባካችሁ በውሃው ተብቃቁ። አየሩን ለመቀነስ ብላችሁም መዳፋችሁን በካርቡሬተሩ አፍ ላይ አታድርጉ። ያ «ጧ» የሚለው ነገር እሳት ነው። ለዚህ ሥራ ቾኩ አለላችሁ።

ሁሉንም ነገር ከሚኒሞ ብሎን መጠበቅ

የሚኒሞ ድብልቅ ብሎን የሚያዝዘው ሚኒሞውንና ከእሱ ትንሽ ከፍ ያለውን ብቻ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣን መኪና እሱ አያድነውም። ስለዚህ «መቼ ነው የሚያስቸግረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልክ ስትረግጡት ብቻ የሚሰንፍ ከሆነ የማጣደፊያዋን ትንሽ ፖምፓ ተጠራጠሩ። ሞተሩን አጥፉ፣ የአየር ፊልትሮውን አንሱ፣ ወደ ጉሮሮው እያያችሁ የነዳጅ ዘንጉን በእጅ ግፉት። ወዲያው ቀጥ ያለ የቤንዚን ፍንጣቂ መውጣት አለበት። የሚንጠባጠብ ወይም የሚዘገይ ከሆነ ዲያፍራሙ ወይም ቀዳዳው ነው። ረጅም ዳገት ላይ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ዋናው ጄት (ቤንዚኑን በልክ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ወይም ቤንዚን የሚያቀርበው መስመር ነው።

ብሎኑን እስኪጮህ አታጥብቁት። ሹል ጫፉ ይበላና ከዚያ በኋላ ልክ አይገባም። በቀስታ እስኪነካ ብቻ አስገቡት፤ ከዚያ ለመነሻ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዙር መልሱት።

ጄቱን በሽቦ መጎርጎር

ጄት ለስላሳ ነሐስ ነው። ቀዳዳው በጣም በጥቃቅን ልክ የተሰላ ነው። ሽቦ አንዴ ከቧጨረው ልኩ ጠፋ። ማጠቢያ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በኮምፕሬሰር አየር ንፉት፤ ዓይናችሁን በመነጽር ከልሉ። ቀዳዳውን በትሪቬላ ማስፋት ወይም ትልቅ ጄት መግጠምም ያው ነው፤ የተሰነጠቀውን ጎማ መደበቅ እንጂ መጠገን አይደለም።

ከካርቡሬተሩ በፊት ያለውን መርሳት

የተዘጋ ፊልትሮ፣ የደከመ ፖምፓ። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ከተደፈነም ቤንዚኑ ይታነቃል። መኪናው ሲደክም ቁሙና ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ «ፉስስ» ብሎ አየር ከሳበ በኋላ መኪናው ከተሻለው ችግሩ ተገኘ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ዝቅ ብሎ ከተስተካከለም ቤንዚኑ በሁሉም ፍጥነት ያንሳል።

የእሳቱን ጥፋት በቤንዚን ማላከክ

የተቃጠለ ፑንቲና (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው የእሳት መነካኪያ) ወይም የዘገየ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሳበት ሰዓት) ቤንዚን ያነሰው ያስመስላል። ስለዚህ ካንዴላና ፑንቲና ይቅደሙ። ካንዴላ ሲነበብ ደግሞ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በደንብ ከተነዳ በኋላ፣ በሚኒሞ ሳይቆይ ጠፍቶ ይፈታ። ነጩ ሸክላ አመድ መስሎ ከነጣ ቤንዚን አንሶታል፤ ቀላ ያለ ቡኒ ከሆነ ደህና ነው።

«ይሄዳል እኮ» ብሎ መንዳት

ይሄዳል። ግን ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ከልክ በላይ ይግላል። የጭስ ቫልቮችን ያቃጥላል፤ ሲብስም ፒስቶን ያቀልጣል። የ20 ደቂቃ የጎማ ፍተሻ ሞተር ከማውረድ ያድናል።

እኔ ጎማውን ስቀይር ሞተሩ አሁን ቤንዚን በዝቶበት ጥቁር ጭስ ማጨስ ጀመረ። በእነዚያ ሁለት ቅዳሜዎች ብሎኑን ስንት ዙር እንዳላላሁት አልጻፍኩም ነበርና፣ እንደገና ከመነሻው አስገብቼ ሁለት ዙር መለስኩት፤ ከዚያ ሩብ ሩብ ዙር እያልኩ ሚኒሞው እስኪረጋ ድረስ አስተካከልኩት።