የክላሲካል ሙዚቃ የሬዲዮ አቅራቢና ጸሐፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክላሲካል ሙዚቃን በሬዲዮ ከሚያስተዋውቁና ስለ ሙዚቃው ከሚጽፉ ባለሙያዎች መካከል የዕውቀት ማነስ ከሚያሰናክላቸው ይልቅ የንግግር መብዛት የሚያሰናክላቸው ይበልጣሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህም የመጀመሪያውና ከሁሉ የከፋው ስህተት በሙዚቃው ላይ መናገር ነው። ዲሴምበር 25 ቀን 1931 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሁምፐርዲንክን ኦፔራ «ሃንዘልና ግሬትል» በሬዲዮ ሲያስተላልፍ፣ ዲምስ ቴይለር በመድረኩ ላይ የሚሆነውን ሁሉ ሙዚቃው እየተሰማ ያብራራ ነበር። ቴይለር ሃያሲ ከመሆኑም በላይ የራሱ ኦፔራዎች በዚያው መድረክ የታዩለት የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ ይህ ሁሉ ማዕረግ ግን ከአድማጮች ቅሬታ አላዳነውም። ከዚያ ቀን አንሥቶ በ1975 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ስርጭቱን ሲያስተዋውቅ የኖረው ሚልተን ክሮስ ደግሞ ታሪኩን መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ይተርክና መድረኩን ለዘፋኞቹ ይለቅ ነበር።

የዚህ ስህተት ታናሽ ወንድም ያላለቀን ሥራ አለቀ ብሎ ማይክሮፎን መክፈት ነው። ትልቁ ወጥመድ የሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ የቻይኮቭስኪ ስድስተኛ ሲምፎኒ ነው። ሦስተኛው ክፍል እንደ ድል ሰልፍ እየገነነ ሄዶ በታላቅ ድምፅ ስለሚዘጋ በአዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ታዳሚዎች እንኳ ተሳስተው ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አራተኛው ክፍል ግን በዝግታ እየከሰመ በቼሎና በኮንትራባስ ድምፅ ያልቃል። ሥራውን አስቀድሞ ያላደመጠ አቅራቢ በመጀመሪያ በጭብጨባው ይታለላል፣ በመጨረሻም ስርጭቱ የተቋረጠ መስሎት በድንጋጤ መናገር ይጀምራል። መድኃኒቱ የክፍሎቹን ብዛትና የእያንዳንዱን ርዝመት በወረቀት ጽፎ ሰዓት እያዩ መከታተል፣ ሥራው ካበቃም በኋላ ጥቂት ሰኮንዶችን ያለ ንግግር ማሳለፍ ነው።

ይኸው ሲምፎኒ ለሌላም ስህተት፣ ማለትም አፈ ታሪክን እንደ ታሪክ አድርጎ ለማቅረብ፣ ምሳሌ ይሆናል። ኦክቶበር 28 ቀን 1893 በሴንት ፒተርስበርግ በራሱ በቻይኮቭስኪ መሪነት ተሰማ፤ እርሱም ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተ። የሁለቱ ቀናት መቀራረብ ሥራውን የስንብት ደብዳቤ ለማስመሰል ለሚወዱ ሁሉ በር ቢከፍትም፣ ሲምፎኒው ተጽፎ ያለቀው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ማንም ሞቱን ባልጠበቀበት ጊዜ ነው። ለእኛ አድማጮች የሚቀርበው ምሳሌ የፒያኒስቷና የሙዚቃ ደራሲዋ መነኩሲት የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነው። ስለ ገዳማዊ ሕይወታቸው ብዙ እየተናገሩ በካይሮ ከቫዮሊኒስቱ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ የቀሰሙትን ትምህርት መዝለል፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ አክብሮት ይምሰል እንጂ ሙዚቀኛነታቸውን ማሳነስ ነው።

በሸክላው ሽፋን ላይ የተጻፈውን ሳያጣሩ ማንበብም ያሳፍራል። በ1893 በኒውዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውን፣ «ከአዲሱ ዓለም» የተባለውን የቼኩን የሙዚቃ ደራሲ የድቮርዣክን ሲምፎኒ የድሮ ሸክላዎች አምስተኛ ይሉታል፤ ዛሬ ግን ዘጠነኛ ተብሎ ይታወቃል። ቁጥሩን ያላመሳከረ አቅራቢ አንዱን ሥራ ሁለት ያደርገዋል። የደራሲያንና የተጫዋቾችን ስም አጠራር ደግሞ ቋንቋውን ከሚናገር ሰው ጠይቆ በፊደል ጽፎ መያዝ ቀላል ሥራ ነው።

ሥራው ሲያበቃ ርዕሱንና ተጫዋቾቹን ደግሞ አለመናገርም የተለመደ ጉድለት ነው፤ ሬዲዮውን በመካከል የከፈተ አድማጭ የወደደውን ሙዚቃ ስሙን ሳያውቅ ይቀራል።

ጽሕፈትን በተመለከተ ዋናው ስህተት የስርጭቱን ጽሑፍ እንዳለ ወደ ኅትመት ማዛወር ነው። በጀርመን ስፓየር ተወልዶ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ ዲትሮይት የገባው ፒያኒስት ካርል ሃስ፣ ከ1959 ጀምሮ ባቀረበው የሬዲዮ ዝግጅት አንድን ሐሳብ በቃል ከመግለጽ ይልቅ ፒያኖው ላይ ሁለት ሐረግ ተጫውቶ ያስረዳ ነበር። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ግን በፊቱ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «እንዲህ የሚለው ዜማ» ብሎ ማለፍ አይችልም፤ ዜማውን የትኛው መሣሪያ እንደሚጀምረው፣ ማን እንደሚቀበለውና የት ላይ እንደሚቀየር አንባቢው ቀረጻውን ከፍቶ ሊያገኘው በሚችል መንገድ መግለጽ አለበት። በተቃራኒው፣ ለዓይን የተጻፈ ረጅም ዓረፍተ ነገር ማይክሮፎን ፊት ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አድማጩም ግሡ እስኪመጣ ድረስ ባለቤቱን ይረሳዋል።

በመጨረሻ፣ የአሳታሚ ድርጅቶችን ሸክላና ሲዲ በነጻ እየተቀበሉ ያንኑ በሬዲዮ ማሞገስ በሙያው ውስጥ ብዙም የማይነገርለት ስህተት ነው። ለአንድ ቀረጻ የሽፋን ጽሑፍ በክፍያ የጻፈ ሰው ያንን ቀረጻ ሲያሰማ ክፍያውን በግልጽ ይናገር፤ ስለ ቀረጻው ሂስ የመጻፉን ሥራም ለሌላ ባለሙያ ይተው።