ተመልካቹ የት ጋ ሳቀ? የፈረንሳይ ጥቁር ኮሜዲ ለሚያሳዩ የፊልም ክበቦች

በዳይሬክተር ቤርትራን ብሊዬ «ቡፌ ፍሯ» (እ.ኤ.አ. 1979) መክፈቻ ላይ፣ ዤራር ዴፓርዲዩ የሚጫወተው ሥራ አጥ ፓሪስ አጠገብ ባለው የላ ዴፋንስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንድ የማያውቀውን ሒሳብ ሠራተኛ ያነጋግርና ጩቤውን ያሳየዋል። ጥቂት ቆይቶ ሰውዬው በዚያው ጩቤ ተወግቶ ይገኛል። ተወጊው ራሱ ብዙም የተቆጣ አይመስልም። እዚህ ጋ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ጎረቤቱን ያያል፣ ሌላው ደግሞ ሰብታይትሉ ያመለጠው ይመስለዋል።

እንዲህ ላለ ጥቁር ኮሜዲ፣ ማለትም ሞትንና ግድያን መሳቂያ ለሚያደርግ ፊልም፣ «ወደዳችሁት ወይ?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይጠቅምም። የሳቀው ሁሉ ወዶት አይደለም፤ ዝም ያለውም ሁሉ ሰልችቶት አይደለም። መመዝገብ ያለበት ሰው ምን እንዳደረገና በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳደረገው ነው።

የፊልም ምርጫ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ90 ደቂቃ የማይበልጥ ምረጡ፤ ከፊልሙ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያስፈልጋችኋል፣ ሰውም ታክሲ ሳያጣ መግባት አለበት። የዳይሬክተር ካንተን ዱፒዩ «ያኒክ» (2023) 67 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለመነሻም ከእሱ የተሻለ አይገኝም። ታሪኩ ራሱ ስለ ተመልካች ነውና፦ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ የሆነ ሰው የሚያየው ቴአትር አላዝናና ይለዋል፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ተዋናዮቹን ያቋርጣቸዋል፣ በኋላም ሽጉጥ ይዞ ይመጣል። ሰውየው ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ያለ ምንም ጉትጎታ ይነሳል። የእሱው «ረበር» (2010) በእንግሊዝኛ የተሠራ ስለሆነ ፈረንሳይኛ ለማይችል ይቀላል፤ በረሃ ውስጥ የመኪና ጎማ ሰው ሲገድል በባይነኩላር የሚከታተሉ ተመልካቾች ፊልሙ ውስጥ አሉ። «ቡፌ ፍሯ»ን ግን አንድ ሁለት ጊዜ አብሮ ላየ ቡድን አቆዩት። ዲቪዲ መግዛት በአደባባይ የማሳየት መብት አይሰጥም፤ ፈቃዱን ከአከፋፋዩ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ማስታወቂያውና መግቢያው

ፖስተሩ ላይ «ኮሜዲ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ከሲኒማ ቤቶቻችን የፍቅር ኮሜዲ የለመደ ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ይሄዳል፤ ጥፋቱም የፊልሙ ሳይሆን የፖስተሩ ነው። «ጥቁር ኮሜዲ፤ ግድያና ደም አለበት» ማለት ይበቃል። መድረክ ላይ የሚነገረውም ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፦ የፊልሙ ርዝመት፣ የሚያስደነግጥ ነገር ካለ እሱ፣ ለአንዳንዱ ጥያቄ ፊልሙ መልስ እንደማይሰጥ። «በጣም ያስቃል» ያላችሁ እንደሆነ መዝገባችሁ ተበላሸ፤ ሰው ለእናንተ ሲል መሳቅ ይጀምራል።

አዳራሹ

ሳቅ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚጋባው። 200 መቀመጫ ባለበት አዳራሽ 30 ሰው ተበታትኖ ከተቀመጠ ምንም ቢሆን አይስቅም። የኋላውን ረድፎች በገመድ ዝጉና ሰዉን መሐል ላይ አንድ ላይ አስቀምጡ። ለመመዝገብ የሚመቸው ከ25 እስከ 40 ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የአንዱን ሳቅ ከሌላው መለየት አይቻልም።

ብዙ ምሽት የሚበላሸው በሰብታይትል ነው። ጽሑፉ ከንግግሩ ቀድሞ ከወጣ አንባቢው ተዋናዩ ሳይናገር ይስቃል፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቀው ዘግይቶ ይስቃል፤ ሁለት ትንንሽ ሳቅ ይሆንና አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም የጂ እና የኤች ቁልፎች ጽሑፉን በ50 ሚሊ ሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ይገፉታል። ይህ የሚሠራው ግን ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሲሆን ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሆኖ ሰብታይትሉ ለ25 የተሠራ ከሆነ ልዩነቱ እያደገ ይሄዳል፦ በ30ኛው ደቂቃ 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ፣ በ90ኛው 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ብቻ አይታችሁ «ልክ ነው» አትበሉ፤ መሐሉንና መጨረሻውንም ፈትሹ። አማርኛ ሰብታይትል ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ የቀልዱ ቁልፍ ያለበትን ግስ ተዋናዩ ትንፋሽ ከሚወስድበት በኋላ ወደሚመጣው መስመር አሻግሩት። አለዚያ ንባቡ ጨዋታውን ቀድሞ ይነግርባችኋል።

ምዝገባው

ሁለት መዝጋቢ ይበቃል። አንዱ ከፊት በጎን፣ ፊቱን ወደ ሰዉ አድርጎ፤ ሌላው ከኋላ በበሩ አጠገብ። ሁለቱም ፊልሙን ቀድመው ያዩት መሆን አለበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ታሪኩ ይዞት ይሄድና ብዕሩን ይረሳዋል። ወረቀቱን በሁለት ሁለት ደቂቃ ከፋፍላችሁ በፊደል ምልክት አድርጉ፦ «ሳ» የብዙ ሰው ሳቅ፣ «ነ» የአንድ ወይም የሁለት ሰው፣ «ጭ» የጭንቀት ሳቅ፣ «ዝ» ከባድ ዝምታ፣ «ስ» የስልክ ብርሃን፣ «ው» የወጣ ሰው። የወጣው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ «ው»ን ሰርዙት።

የሚከብደው «ሳ»ንና «ጭ»ን መለየት ነው። የእውነተኛው ሳቅ ባንዴ ይነሳል፣ ባንዴ ይወርዳል፤ ዓይንም ከስክሪኑ አይነቀልም። የጭንቀቱ ከአንድ ሰው ይጀምርና አጃቢ ይፈልጋል፤ ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞር እያለ «ይሳቃል እንዴ?» የሚል ይመስላል። የፊቱ መዝጋቢ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከኋላ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሰማሉ። ዝምታንም ለዩ፦ ወደፊት ያዘነበለ አዳራሽና ወንበር የሚያንቋቋ አዳራሽ አንድ አይደሉም።

ድምፅ መቅረጽ ከፈለጋችሁ መግቢያው ላይ ተናግራችሁ አስፈቅዱ። ፊልሙ ሲጀምር አንዴ አጨብጭቡ፤ ቅጂውን ከፊልሙ ጋር የምታጋጥሙት በዚያ ነው። ሳቅ ንግግሩን ሸፈነው ብላችሁ ግን መሐል ላይ ድምፅ አትጨምሩ፤ ሰዉ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመስማት ብሎ ሳቁን ያፍናል።

ከፊልሙ በኋላ

መብራቱን ወዲያው አታብሩ፤ ስም ዝርዝሩ ሁለት ደቂቃ ይሂድ። ከዚያ ውይይት ሳይጀመር በፊት የግማሽ ኤ4 ካርድና እርሳስ አድሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ሰው አስተያየት የሁሉም ይሆናል። ስም አይጻፍ። ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ይሁኑ፦ መጀመሪያ የሳቅኸው ወይም የሳቅሽው የት ጋ ነው? ለመውጣት ያሰኘህ ወይም ያሰኘሽ ቦታ አለ? ላልመጣ ጓደኛ አንድ ትዕይንት ቢነገረው የትኛው ይሁን? አምስት ደቂቃ ስጡና ሰብስቡ።

ከአምስት ስንት የሚል ነጥብ አታስሰጡ። አምስት ሰው 1፣ አምስት ሰው 5 ቢሰጥ አማካዩ 3 ነው፤ አሥሩም 3 ቢሰጡ አማካዩ ያው 3 ነው። የመጀመሪያው ምሽት ጭቅጭቅ፣ ሁለተኛው እንቅልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የማርኮ ፌሬሪ «ላ ግራንድ ቡፍ»፣ አራት ጓደኛሞች እስኪሞቱ የሚበሉበት ፊልም፣ ታዳሚው ጮኸበት፤ በዚያው ፌስቲቫል የዓለም አቀፍ ሐያስያን ማኅበር ሽልማትን ተጋርቷል። የዚያን ዕለት አማካይ ነጥብ ቢወሰድ ምን ይነግረን ነበር?

ውይይቱን ያልወደዱት ይጀምሩት። የወደዱት ከጀመሩ ሌላው «አልገባኝም» ለማለት ያፍራል፣ ዝም ብሎም ይሄዳል። አወያዩ «ምን ማለት ነው?» ብሎ አይጠይቅ፤ «ምን አያችሁ?» ይበል። «ቡፌ ፍሯ» ላይ ለምሳሌ፦ ሚስቱን የገደለው ሰው ቤቱ ሲመጣበት ባልየው ምን አደረገ? ፖሊሱስ? ሰዉ ድርጊቱን በቅደም ተከተል ሲናገር ራሱ መሳቅ ይጀምራል። ያም ዘግይቶ የመጣ ሳቅ ስለሆነ መዝገቡ ላይ ይግባ። ፈረንሳይ ኖሮ የመጣ ወይም ፊልም የተማረ ሰው ማስረዳት ሲጀምር በትህትና አቁሙት፤ ማብራሪያው እውነት ቢሆንም እንኳ የሌላውን አፍ ይዘጋል።

መዝገቡን ማንበብ

«ው» ከ20ኛው ደቂቃ በፊት ከበዛ ፖስተራችሁን አስተካክሉ። ከአንድ ደም ያለበት ትዕይንት በኋላ ተከታትለው ከወጡ መግቢያው ላይ አላስጠነቀቃችሁም ማለት ነው። መሐል ላይ «ስ» ከተደረደረ ፊልሙ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ሰብታይትሉን በዚያ ደቂቃ ፈትሹ። «ነ» ያለማቋረጥ ከአንድ ወንበር የሚመጣ ከሆነ፣ ገብቶኛል ለማለት የሚስቅ ሰው ወይም የአዘጋጆቹ ጓደኛ ነው፤ ከቆጠራው አውጡት።

በሦስተኛው ቀን በቴሌግራም አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩ፦ ከፊልሙ እስካሁን ከአእምሯችሁ ያልወጣው የትኛው ትዕይንት ነው? መልሱን ከካርዶቹ ጋር አስተያዩት። ማንም ያልሳቀበት፣ «ዝ» የተጻፈበት ትዕይንት ደጋግሞ ከተጠቀሰ ደቂቃውን አስምሩበትና ለሚቀጥለው ውይይት የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጉት።