የሰፈር ኑሮና የልጆች ከመጠን ያለፈ ውፍረት፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ስለ ልጅ ውፍረት ሲወራ ጣት የሚቀሰረው እናት ላይ ነው። ልጁ በያዛት ብር ምን እንደሚገዛ፣ ከትምህርት መልስ የት እንደሚሮጥ ግን በአብዛኛው የሚወስነው ሰፈሩ ነው። ጉዳዩን የሚያጠኑ ተማሪዎችና በትምህርት ቤት የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ከእነዚህ ስህተቶች ቢጠነቀቁ መልካም ነው።

የውጭውን ውጤት እንዳለ መገልበጥ

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022/23 ከመጠን በላይ የወፈሩት የ10 እና 11 ዓመት ልጆች በድሃ አካባቢዎች 30 በመቶ፣ በባለጸጋዎቹ 13 በመቶ ገደማ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን ውፍረት በግል ትምህርት ቤት ልጆች ላይ እንደሚበዛ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ 1 በመቶው ብቻ ክብደታቸው የበዛ ነበር። ስለዚህ «ድህነት ያወፍራል» ብሎ ከመነሳት በፊት በዚያ ሰፈር የታሸገ ምግብ ማን የመግዛት አቅም እንዳለው ይጠየቅ።

ልጅን በአዋቂ መስፈርት መመዘን

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቁመቱ 140 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 43 ኪሎ የሆነ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ እንውሰድ። ክብደቱን በሜትር ለተለካው ቁመቱ፣ ለ1.40፣ ሁለት ጊዜ ስናካፍል ቢኤምአዩ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚመዘንበት ቁጥር) 21.9 ይመጣል። በአዋቂ መስፈርት ጤናማ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የልጆች ሰንጠረዥ ግን በዚህ ዕድሜ ከ21.4 ያለፈ ወንድ ልጅ ከመጠን በላይ ወፍሯል። ይኸው ልጅ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጫማ እንዳደረገ ቢለካ 21.2 ይወጣና ከወፈሩት ልጆች ቁጥር ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ጫማ ይውለቅ፤ ቁመትን የሚጨምር የፀጉር አሠራር ይፈታ፤ ተረከዝ መለኪያውን ይንካ። ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ። ሁለት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ ይበጃል። ዕድሜም በዓመትና በወር ይመዝገብ።

ሱቅ ቆጥሮ መደምደም

በአሜሪካ ፊላደልፊያ አንድ ሰፈር ውስጥ አዲስ ሱፐርማርኬት ተከፍቶ ውጤቱ ተጠንቶ ነበር። ነዋሪዎቹ ጥሩ ምግብ ማግኘት ቀለለን ቢሉም የሚበሉት አትክልትና ፍራፍሬም ሆነ ክብደታቸው አልተለወጠም። ዋጋም ወሳኝ ነው። የአንድ ኪሎ ብርቱካን ዋጋ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ዋጋ ጎን ይጻፍ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ምን እንደሚሸጥ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ቆሞ ማየትም ያስፈልጋል። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ 32 ግራም ገደማ፣ ማለትም 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው።

የሰፈሩን አማካይ ለሁሉም ቤት መስጠት

በከተማችን ቪላና የጭቃ ቤት አጥር ይጋራሉ። ገቢ፣ የወላጅ ትምህርትና የቤት ዕቃ በየቤቱ ካልተጠየቀ፣ የሰፈሩ አማካይ የማንንም ልጅ ኑሮ አይናገርም።

ልጁን በምግብ መቅጣት

በማደግ ላይ ላለ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው፤ ምሳ መከልከል እድገቱን ይጎዳል። ለስላሳውን በውኃ መተካትና በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ይቀድማል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ በመኪና ከተሞላ፣ የወላጅ ኮሚቴው ትምህርት ቤቱ ሜዳውን ከክፍል በኋላና ቅዳሜ ክፍት እንዲያደርግ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ጥበቃውን ማን እንደሚከፍልም አብሮ ይወስን።